በጠርሙስ የታሸገ ጭስ

መስከረም 20

ለማከብርህና ለምናፍቅህ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ጎማ ካጠቆረው እጅህ ጥቁረት በላይ ይብዛልህ። ወገብህ እንዴት ነው? አክስቴስ አሁንም በቀልድህ ትስቅና አልሳቅሁም ትላለች? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገና ነው፤ ነፋሱ ግን ቀድሞ መጥቷል። ከባሕሩ ተነስቶ በመጋዘኖቹ መሃል እያፏጨ ያልፋል።

ዜና አለኝ። ከጠርሙስ ማጠቢያው ክፍል ወጣሁ። የቀማሾቹ አለቃ አንድ ቀን ባዶ በርሜል ውስጥ አንገቴን አስገብቼ ሳሸት አገኘኝና "ምን ሸተተሽ?" አለኝ። ደንግጬ "ዝናብ የመታው የውሻ ጀርባ" አልኩት። ሳቀ። በማግስቱ አስጠርቶ ቀማሾቹ ክፍል ለሙከራ አስገባኝ። ሦስት ነን፤ በመጨረሻ የሚቀጠረው አንድ ነው።

የምንሠራው ውስኪ ጭስ ያለበት ነው። ገብሱን ያበቅሉታል፤ ብቅሉን የሚያደርቁት ግን ከረግረግ በተቆረጠ አፈር ጭስ ነው። ሣርና ሥር ለዘመናት ውሃ ውስጥ ተኝቶ የጠቆረ አፈር ነው፤ እንደ ጡብ እየተቆረጠ ይደርቅና ይነዳል። ነበልባሉ ትንሽ፣ ጭሱ ብዙ። ብቅሉ ያን ጭስ ይጠጣል። ከዚያ ይፈጫል፣ ይብላላል፣ ይነጠራል፣ በርሜል ውስጥ ለዓመታት ይተኛል፤ ጭሱ ግን አይለቀውም። ከሌላ ቤት ውስኪ ጋር አይደባለቅም፤ አንድ ቤት፣ አንድ ብቅል።

ሥራችን ማሽተት፣ መቅመስና ቃል መፈለግ ነው። ሁለቱ ተወዳዳሪዎቼ "ጭስ፣ ማር፣ የሎሚ ልጣጭ" ይላሉ፤ እኔም ተከትዬ እሱኑ እላለሁ። ቃል አለቀብኝ፣ ጋሼ። አንተ ቃል አልቆብህ አያውቅም። ጓደኛዬ የበረራ አስተናጋጅ ሆና ወደ እናንተ ስለምትበር ትንሽ ብልቃጥ ልኬልሃለሁ። አፉ በጠበበ ብርጭቆ ቀድተህ፣ አፍህን ጥቂት ከፍተህ አሽት፤ አፍንጫህን አትንከርበት፣ ይለበልብሃል። ትንሽ ተጎንጭተህ ምላስህ ላይ አንከባለው፣ እንደ ምግብ አኝከው። ከዋጥከው በኋላ የሚቀረውን ጠብቅ። ከዚያ የውሃ ጠብታ ጨምርበትና እንደገና ሞክር። የተሰማህን ሁሉ ጻፍልኝ።

ቁንጫህ

ኅዳር 4

ለቁንጫዬ፣

ባለሽበት ሰላም እደሪ፤ ነፋሱም ከነፉጨቱ ይለፍሽ። እኛ ደህና ነን፤ ወገቤም በየጊዜው መኖሩን ያስታውሰኛል።

ብልቃጧ በካልሲ ተጠቅልላ ደረሰች። መጀመሪያ የዓይን ጠብታ መስላኝ ነበር፤ አክስትሽ ባትደርስ ኖሮ ዛሬ አንድ ዓይን ይዤ ነበር የምጽፍልሽ። አንቺ ያልሽው አፉ የጠበበ ብርጭቆ እኛ ቤት የለም። በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁት።

በመጀመሪያ አክስትሽን አስሸተትኳት። "ይሄ ማስቲሽ ነው፤ ጎማ ለጥፍበት" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ቀጥሎ ፓይለቱን ጠራሁት። ጎረቤቴን አታውቂውም፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ነው የመጣው። አውሮፕላን ነድቶ አያውቅም፤ ከጣሪያ ወድቆ በእግሩ ስላረፈ ነው ስሙን ያገኘው። አሸተተና እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበ። "ምን ሆንክ?" ብለው "መርፌ ሊወጉኝ መሰለኝ" አለ። እንግዲህ እንዲህ ባሉ ሊቃውንት መካከል ነው የምኖረው።

እኔ በጎሚስታ ዘዴ ገባሁበት። ቀዳዳዋ የረቀቀች የውስጥ ጎማ ስትመጣብኝ ገንዳው ውስጥ ብነክራትም አረፋ አታሳየኝም፣ ጣቴም አያገኛትም። የላይኛውን ከንፈሬን አርጥቤ በጎማው ላይ ቀስ አድርጌ አስኬዳለሁ፤ አየሩ የሚወጣበት ላይ ከንፈሬ ይቀዘቅዛል። ብርጭቆሽንም እንደዚያ አደረግኩት፤ ከንፈሬን ጠርዙ ላይ አሳርፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።

መጀመሪያ የመጣው አሁን የታጠበ የክሊኒክ ኮሪደር ነው፤ ፓይለቱ አልተሳሳተም። ከኮሪደሩ ውጭ አንድ ሰው ሬንጅ ያቀልጣል። ስጎነጨው ማር መጣ። አልጠበቅኩትም ነበር። ብድር ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ሕፃን አቅፎ እንደሚገባው ነው፤ ልጁን እያየሽ ስትስቂ አባትየው ወንበር ይዟል። አባትየው ጭሱ ነው። ከገባ በኋላ ደግሞ አይወጣም። ራት በልቼ፣ አፌን ተጉመጥምጬ ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳ አሁንም እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ውሃ ጠብ ባደርግበት አፉ እንደተፈታለት ዓይን አፋር ሰው ሆነ። ያልጠየቅኩትን ሁሉ ያወራ ጀመር፤ ስለ ጨው፣ ስለ ገመድ፣ ስለ አሮጌ ቆዳ። ይህ ከሚጠቅምሽ ውሰጂው፤ ካልጠቀመሽ አለቃሽን አስቂበት።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 15

ለውድ ጋሼ፣

ጤናና ሳቅ ከቤታችሁ አይታጣ። ደብዳቤህን ቀማሾቹ ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ አለቃዬ ለምን እንደምስቅ ሲጠይቀኝ ሕፃን አቅፎ የሚገባውን ተበዳሪ ነገርኩት። ብርጭቆውን አንስቶ እንደገና ቀመሰ። "ልክ ነው፤ ማሩ የሚመጣው ጭሱን ለማስገባት ነው" አለ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራኝ።

"ይህን ከየት አመጣሽው?" ሲለኝ "አጎት አለኝ" አልኩት። እውነቴን ነው።

ሌላ ብልቃጥ ልኬያለሁ። ይህኛው ጭሱ የበረታ ነው፤ አሥር ዓመት የስፔን ወይን በነበረበት በርሜል ተኝቷል። ስለ ጭሱ ብቻ ጻፍልኝ። ጭስ ሁሉ አንድ አይደለም፣ አይደል? አንተ ስንት ዓይነት ጭስ ታውቃለህ? አትቆጥብ።

ለአክስቴ የሱፍ ሻርፕ አለበት። ማስቲሽ አይሸትም በላት።

ቁንጫህ

ጥር 28

ለቁንጫዬ፣

እድሜ ከነጥርሱ ይስጥሽ። ሻርፑ ደርሷል። አክስትሽ አልወደድኩትም እያለች ከአንገቷ አላወለቀችውም።

ጭስ ጠየቅሽኝ። እንግዲህ የእርጥብ ካርቶን ጭስ አለ፤ ሰነፍ ነው፣ መሬት መሬቱን ይሄዳል፣ ዓይን እንጂ ልብ አይነካም። የመብራት ክር ጭስ አለ፤ ቀጭንና ክፉ ነው፣ እንደ ሐሜት። የጎማ ጭስ የእንጀራዬ ጭስ ስለሆነ ክፉ አልናገርበትም። የጃኬት ጭስ ደግሞ አለ። አክስትሽ ያን ቡናማ ጃኬቴን "አልቋል" ስትል እኔ "ገና ነው" ስል ከርመን፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግቢ ውስጥ ሲነድ አገኘሁት። ሰው ተቆጥቶ ያቃጠለው ጃኬትና በአደጋ የተቃጠለ ጃኬት ሽታቸው አይገናኝም። የመጀመሪያው ውስጥ ትንሽ ደስታ አለ። አጠገቧ ቆሜ አሸትቼዋለሁ፤ በሻርፕሽ እምላለሁ።

አዲሱ ብልቃጥሽ ግን ከእነዚህ ውስጥ አንዱም አይደለም። ሦስት ቀን ዞርኩት። ፓይለቱ ሊጨርስብኝ ስለነበር ከጎማ ጀርባ ደበቅኩት። በደረቅ ዘቢብ ይጀምራል፤ ያ ከወይኑ በርሜል ይሆናል። ከዚያ ጭሱ ሲመጣ እርጥብ ነው። ደረቅ ነገር ሲነድ የሚወጣው ዓይነት አይደለም፤ ውሃና እሳት ተያይዘው ሲታገሉ የሚወጣው ነው። ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ። ያን ጭስ አውቀዋለሁ፤ አንድ ቀን ብቻ ነው ያሸተትኩት።

እሱን ሆድ ይፍጀው። ስለ ጃኬቱ የጻፍኩት ይበቃሻል።

አጎትሽ

የካቲት 17

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ከረማችሁ። በችኮላ ነው የምጽፈው።

የትኛው ጭስ እንደሆነ አውቄዋለሁ። ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያን ቀን ተማሪ ቤት ነበርኩ። እናቴ ከአባቴ ቀድማ ስላረፈች አንተና አክስቴ ወስዳችሁ አሳደጋችሁኝ፤ ግን ስለዚያ ቀን በቤታችን ማንም አውርቶ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩም። የማስታውሰው አንድ ነገር ነው። አመሻሽ ላይ መጥተህ አቀፍከኝ፤ ሸሚዝህ የሚሸተው ሽታ ነበረው። ጭስ ብቻ አልነበረም፣ እርጥብ ሱፍ ነበረበት፣ መድኃኒትም።

አሁን በሙከራ ላይ ያለ አንድ በርሜል አለ። አለቃዬ ለሦስታችንም ሰጠን፤ ስሙን ያገኘለት ይቀጠራል። ብርጭቆውን ሳነሳ የሸሚዝህ ሽታ መጣብኝ። ሌሎቹ አላገኙትም። እኔም አግኝቼዋለሁ እንጂ ምን እንደሆነ አላውቀውም።

ንገረኝ። ለማንም አላሳየውም፤ አፍንጫዬን ላስተካክልበት ነው። ደግሞም አባቴ ነው፣ ጋሼ።

ቁንጫህ

መጋቢት 9

ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። "አባቴ ነው" ስላልሽኝ ነው የምጽፈው። ያ ቃል ባይኖርበት አልጽፍም ነበር።

አባትሽ ሶፋ ሠሪ እንደነበር ታውቂያለሽ። የእሱና የእኔ ቤት አንድ ግድግዳ ነበር የሚጋሩት፤ እሱ ሲመታ እኔ ጋ መዶሻው ይሰማል። ምሳ ከበላን በኋላ ነው። የጭነት መኪና ጎማ አውልቄ ነበር። መዶሻው ቆመ። ቀና ስል በግድግዳው ስንጥቅ ጭስ ይገባል። የመብራት ሽቦ ነው አሉ በኋላ። ስፖንጁና ቫርኒሹ አንድ ላይ ነበሩ። ስፖንጅ ሲነድ እያለቀሰ ነው የሚነደው፤ ጥቁር እንባ ያንጠባጥባል።

ከኋላ ክፍል አልጋዬ ላይ የነበረውን የሱፍ ብርድ ልብስ ስቤ ጎማ በምነክርበት ገንዳ ውስጥ ዘፈቅኩትና ተከናንቤ ገባሁ። የሸተተሽ እርጥብ ሱፍ እሱ ነው። እሳቱ ላይ ሲደርስ ይጮሃል። አባትሽ ከትልቁ ሶፋ ጀርባ ወድቆ ነበር። ጠቀለልኩትና ተሸክሜው ወጣሁ። የእኔ ደንበኛ መኪናው ጎማ የለውም፤ ሮጦ መንገድ ላይ ሌላ አስቆመ። ሎሚ የጫነች ነበረች። ሳጥኖቹን ገፍተን በመሃላቸው ተቀመጥኩ፣ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ። በየጉድጓዱ ስንዘል ሎሚው ከበታቻችን ይፈርጣል። ላቤ ከግንባሬ እየወረደ አፌ ይገባል፤ ጨው ነው። ክሊኒክ ስንደርስ አዮዲን። አስታማሚዋ የቀባችው ቅባት ደግሞ ጣፋጭ ሽታ ነበረው፤ እስከ ዛሬ ማር ስቀምስ እሱ ይመጣብኛል።

ይኸው ነው፤ ብልቃጥሽ ውስጥ ያለው ሁሉ በተራው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ።

ሎሚዎቹ መሃል ሳለን ተናግሮኛል። ትንሽ ነው የተናገረው። እሱን አልጽፈውም። አክስትሽም አታውቀውም።

ይህን የጻፍኩት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው። ካነበብሽው በኋላ የት እንደምታስቀምጪው አንቺ ታውቂያለሽ።

አጎትሽ

ሰኔ 2

ለቁንጫዬ፣

እንዴት ነሽ? ጤና ነሽ ወይ? በመጋቢት የጻፍኩት ደርሶሽ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ፖስታ ቤቱን አላምነውም፤ ፓይለቱም "ደብዳቤ ከጣሪያ ከወደቀ በእግሩ አያርፍም" ይለኛል። ደርሶሽ መልስ ካጣሽለት እንኳ "ደርሶኛል" ብቻ በይኝ። አክስትሽ ምን እንደጻፍኩ ሳታውቅ "ምን ብለሃት ነው ልጅቷ የጠፋችው?" እያለች ትጠይቀኛለች።

አጎትሽ

ሐምሌ 30

ውድ ጋሼ፣

ሁላችሁም ደህና ናችሁ? ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራው ፋታ አልሰጠኝም። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ተቀጠርኩ። ሁለቱ ሄዱ፣ እኔ ቀረሁ። የራሴ ጠረጴዛና የራሴ ብርጭቆዎች አሉኝ። በቅርቡ ወደ ትልልቅ ከተሞች ለማስተዋወቅ እንሄዳለን።

ለአክስቴ ጫማ ልኬያለሁ፤ ቁጥሩ ከጠበባት ንገረኝ። ለጊዜው ብልቃጥ አልላክሁም፤ አሁን አያስፈልግም።

ልጅህ

ኅዳር 11

ሰላም ለአንቺ፣

ጫማው በልኳ ነው። እኔም በሕይወት አለሁ። ከዚህ በላይ ሰላምታ ዛሬ እጄ እምቢ ብሎኛል።

ባለፈው ቅዳሜ የፓይለቱ አማች ከጉዞ ተመለሰ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ አንድ ጠርሙስ ገዝቶ ለአማቱ አምጥቶለታል። ፓይለቱ ሰው ሳያይለት መጠጣት ስለማይሆንለት ጎማ ቤት ይዞት መጣ። አንድ ባለታክሲ ጎማው እስኪለጠፍለት ተቀምጧል፣ አክስትሽ ምሳዬን ይዛ ቆማለች። የጠርሙሱ ሳጥን ላይ ፎቶሽ አለ። በነጭ ካፖርት፣ ብርጭቆ አንስተሽ። አክስትሽ ሳጥኑን ነጥቃ ሳመችው። እኔም ከትከሻዋ በላይ አይቼ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ነው የነካሁት።

"ምን ይላል?" አልን። አማቹ ቋንቋውን ያውቃል፤ እያነበበ ይተረጉምልን ጀመር።

"የአባቴ ብርድ ልብስ፤ ስሙ ነው" አለ።

ባለታክሲው "ብርድ ልብስ ይሸጣሉ እንዴ?" አለ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ አነበበ። "ስድስት ዓመቴ ነበር። የአባቴ ሱቅ ሲነድ የሱፍ ብርድ ልብስ ውሃ ውስጥ ዘፈቅኩ። አባቴን በእሱ ጠቀለልኩት። ሎሚ በጫነች መኪና ላይ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድን። እርጥብ ሱፍ፣ ሎሚ፣ ጨው፣ አዮዲን፣ በመጨረሻም ማር። ይህን ውስኪ ባሸተትኩ ቁጥር እዚያ ነኝ።"

አማቹ ጥሩ አንባቢ ነው፤ አልተደናቀፈም። በእጄ የጻፍኩት ነገር በሰው አፍ፣ በሌላ ቋንቋ ዞሮ፣ የራሴው ደጅ ሲመጣ ቆሜ ሰማሁት። ገንዳው እግሬ ሥር ነበር።

ባለታክሲው "ጀግና ናት። በስድስት ዓመቷ አባቷን ከእሳት አውጥታ" አለ። አክስትሽ ወደ እኔ ዞረች። እሷ ያን ቀን ልብሴን ያጠበች ሴት ናት።

ፓይለቱ ክፋት የለውም። ያን ዘመን እዚህ አልነበረም። ጠርሙሱን እየከፈተ "አንተስ ያን ጊዜ የት ነበርክ?" አለኝ።

"ጎማ እለጥፍ ነበር" አልኩት።

ምን ልበል? ልጅቷ ውሸታም ናት ልበል፣ ፎቶሽን አክስትሽ እንዳቀፈች?

ቀድቶ ሰጠኝ፤ ጠጣሁ። ጥሩ ውስኪ ነው። የሚያናድደውም እሱ ነው። መጥፎ ቢሆን ተፍቼው ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። ሁሉም አለበት፣ በተራው ይመጣል፣ ረጅም ይቆያል። ጨዉም አለ። የማን ላብ እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ቀልዴን ስትወስጂ ደስ አለኝ፤ ተበዳሪውን፣ ጃኬቱን፣ ሬንጁን ሁሉ ውሰጂ፤ ለዚያ ነው የጻፍኩት። ይህኛውንም ብትሸጪው፣ "አጎቴ የነገረኝ" ብለሽ ብትሸጪው፣ ቅር ይለኝና ከፓይለቱ ጋር አንድ ሳምንት አጉረምርሜ እተወው ነበር። የተሸጠ ነገር ቢያንስ አለ። አንቺ ግን ከወንድሜ ሥር ጭኔን አውጥተሽ ያንቺን አስገባሽ። ተማሪ ቤት የነበርሽው ልጅ፣ እኔን ያሸተትሽው ልጅ።

ለምን እንደሆነ ንገሪኝ። አሳምረሽ አትጻፊው።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 3

ውድ ጋሼ፣

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልህ አላውቅም። ደብዳቤህን መኪናዬ ውስጥ ነው ያነበብኩት።

አሳምረሽ አትጻፊ ስላልከኝ እንዳለ እነግርሃለሁ። ስለ በርሜሉ ስጠየቅ በመጀመሪያ የተናገርኩት ልክ አንተ እንደጻፍከው ነበር፤ አጎቴ፣ ጎማ ቤቱ፣ ገንዳው። አለቃዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ለማስታወቂያው ሰዎች ተላለፈ። እነሱ አጎቱ ለምን ያስፈልጋል አሉ። ሰው ሳጥን ሲያነብ ቆሞ ነው፤ ሁለት ሰው ይበዛበታል፣ አንድ ሰው ይበቃል አሉ። ፎቶው ያንቺ ስለሆነ አንቺ ሁኚ አሉኝ። ያን ቀን እምቢ ማለት ነበረብኝ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እሺ አልኩ። መጀመሪያ ስናገረው ከወረቀት ላይ እያነበብኩ ነበር። አሁን በብዙ ከተማ፣ በብዙ አዳራሽ ስለተናገርኩት እውነቱን ልንገርህ፣ ብርድ ልብሱ እጄ ላይ ሲከብደኝ ይሰማኛል። እዚያ የነበርኩ ይመስለኛል። ይህ መጥፎ እንደሆነ አውቃለሁ።

ይቅር በለኝ። ጥፋቴን ላስተካክለው እፈልጋለሁ፤ ለዚህም መንገድ አግኝቻለሁ። ድርጅቱ ሁለተኛ ጠርሙስ ሊያወጣ ነው። አጎቱ በዚያኛው ውስጥ ይገባል ብያቸው ተስማምተዋል፤ ስምህም፣ ፎቶህም። በሚያዝያ እመጣለሁ፤ ቲኬቱን እነሱ ይችላሉ። አብሮኝ አንድ ፎቶ አንሺ ይመጣል። ዝምተኛ ሰው ነው፣ አይረብሻችሁም።

ደግሞ አንድ ነገር። አባቴ ሎሚዎቹ መሃል የተናገረህን ንገረኝ። ለእኔ ነው የምጠይቀው። ከፈቀድክ ደግሞ ለጠርሙሱ ስም ይሆናል ብለው ያስባሉ፤ ካልፈቀድክ ግን ለእኔ ብቻ።

ቁንጫህ

ጥር 20

ለተከበሩት ቀማሽ፣

ሰላምታችን ይድረስዎ። እኔና ባለቤቴ ደህና ነን፤ ሥራውም ደህና ነው፤ መንገዱ እስካልተሠራ ድረስ ጎማ መቀደዱን አይተውም።

በሚያዝያ እንዲመጡ ቤቱ ክፍት ነው። አክስትዎ የሚያርፉበትን ክፍል ከአሁኑ ታጥባለች፤ እኔ ገና ነው ብላት ጃኬቴን ባቃጠለችበት ፊት አየችኝ። ፎቶ አንሺውም ይምጣ። ገንዳውን ያንሳው፤ ሳይነቃነቅ ይቆምለታል። ግድግዳውን ያንሳው፤ ሌላ ሰው ቢገነባውም ያው ግድግዳ ነው። ፓይለቱንም ያንሳው፤ ከወዲሁ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄዷል። እኔን አያነሳኝም። ያ ታሪክ ታትሞ፣ በየከተማው ተነቦ አልቋል፤ ውስጡ አልነበርኩም። አሁን ሁለተኛ ጠርሙስ ሲወጣ ሰው ልሁን?

ይቅርታ ጠይቀውኛል። ሰምቻለሁ። እውነቱን ሳያሳምሩ በመጻፍዎም አመሰግናለሁ፤ እሱን የጻፈችውን ልጅ አውቃታለሁ፣ ትንሽ ጊዜም አብራኝ ተቀመጠች። ከታች ያለውን ያነበብኩ ጊዜ ግን ተነስታ ሄደች። "ለእኔ ነው" ያለችውና "ለጠርሙሱ" ያለችው በአንድ ብዕር፣ በአንድ መስመር ላይ ነው የጻፉት። የትኛዋ ቀድማ እንደጠየቀች ማወቅ አልቻልኩም። ከንፈሬን አርጥቤ በወረቀቱ ላይ ባስኬደው እንኳ አላገኘውም።

ወንድሜ የተናገረውን እስከ ባለፈው ሳምንት እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። ብሞት አብሮኝ እንዳይቀበር ለአክስትዎ ነገርኳት። ምሳዋን ትታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ "ለልጅቷ ልንገራት?" አላለችኝም። "ይህንንስ ለማንም አልናገርም" አለች። እንዳትናገር አላስማልኳትም፤ በራሷ ነው።

ስለዚህ ሲመጡ ይብሉ፣ ይረፉ፣ ከእኛ ጋር ይጫወቱ። ከመጡም በኋላ ያን ነገር አይጠይቁን። ቃሉ ለሳጥን አልተነገረም፤ ከሚነድ ቤት የወጣ ሰው፣ ተሸክሞ ላወጣው ሰው ጆሮ ነው የተናገረው። ሁለት ሰው ይበዛል፣ አንድ ሰው ይበቃል ብለውዎታል አሉ። እውነታቸውን ነው። ያን ቀን አንድ ሰው በቅቷል፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

የወንድሜ ወንድም